እናቴን ብቻዋን የሸኘሁ ዕለት

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ላሊበላ ላይ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በከተማው እንግሊዝኛ ያውቃሉ ከሚባሉት ጥቂት ሰዎች አንዷ ስለሆንሁ፣ ደብዳቤ ከውጭ የመጣለት ሁሉ በሬን ያንኳኳ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁና ይኼ ነገር በጣም ያኮራኝ ነበር። የማላውቀውን ቃል እንኳ «እንዲህ ማለት ነው» ብዬ በድፍረት አልፈው ነበር።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ወይዘሮ ማዘንጊያ ትባላለች። አባታችን ቄስ ነበር፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እያለሁ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጧፍ እየሠራች አሳደገችን። ሰሙን ታቀልጣለች፣ ክሩን ትነክራለች፣ በመዳፏ ታሻለች። ፊደል አልቆጠረችም። ከላሊበላ ርቃ የሄደችው ለነአኩቶ ለአብ ገዳም ንግሥ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዓይኗን ታማ እስከ ወልድያ ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ይርጋ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከሄደ አራት ዓመቱ ነበር። እርሻ ነው የሚማረው። በየሦስት ወሩ ይጽፋል፤ እኔ ለእናቴ አነብላታለሁ። ዘመኑ ሰባዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፤ ድርቁ ገና ከሰው ፊት ላይ አልጠፋም፣ ጦርነቱም በየተራራው ይሰማል። ስለዚህ የይርጋ ደብዳቤ የመጣ ቀን በቤታችን በዓል ነበር።

በጥር ወር የመጣው ደብዳቤ ግን የእሱ ጽሕፈት አልነበረም። ሰሎሞን የሚባል አብሮት የሚማር ልጅ ነው የጻፈው። «ይርጋ ደሙን ታሟል፤ ሆስፒታል ከገባ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡንም። ትምህርት ቤቱ ለአንድ የቤተሰብ ሰው የመምጫና የመመለሻ ቲኬት እሰጣለሁ ብሏል። ቶሎ ብትደርሱለት» ይላል።

ለእናቴ ሳነብላት «ተስፋ አልሰጡንም» የሚለውን ዘለልሁት። እሷ ግን የዘለልሁትን የሰማች ያህል ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። ከዚያ «አንቺ ትሄጃለሽ እንግዲህ» አለችኝ።

እኔም የምሄድ መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የአጎታችን ልጅ ጌትነት ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ከርሞ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ለአንቺ የመውጫ ፈቃድ ከለከሉ። ‘ወንድሟ እዚያ፣ እሷም እዚያ፤ ማን ሊመለስ ነው?’ አሉኝ። ለእትዬ ግን ፈቅደዋል። ‘አሮጊት የት ትከዳለች’ ብለው ሳቁ።»

ማታ እራት ላይ ነገርኋት።

«እማ፣ ብቻሽን ነው የምትሄጂው።»

እንጀራውን እንደያዘች ቆየች። «በሰማይ?»

«በሰማይ። ሁለት አውሮፕላን ነው ከአዲስ አበባ ወዲያ። መጀመሪያ ሮም የሚባል አገር ትወርጃለሽ፣ እዚያ ትጠብቂና ሌላ ትሳፈሪያለሽ።»

«ሰው የለም አብሮኝ?»

«የለም።»

«ምን አለበት» አለች። «ልጄ ዘንድ አይደል የምሄደው።»

ለፎቶና ለጣት አሻራ ወልድያ ወስጄ መለስኋት። ቲኬቱ ሲደርሰን መሄጃው የመጋቢት መጀመሪያ ሰኞ ሆነ። አምስት ሳምንት ነበረን። በእነዚያ አምስት ሳምንታት እናቴን እንደ ተማሪ አስተማርኋት።

በእንግሊዝኛ ሦስት ወረቀት ጻፍሁላት። አንደኛው ስሟንና የምትሄድበትን ይናገራል። ሁለተኛው ጿሚ መሆኗን፣ ሥጋና ወተት እንደማትበላ ይገልጣል። ሦስተኛው የሰሎሞን አድራሻ ነው። ጡቷ ሥር በምትይዘው ከረጢት ከተትሁላት። የሚያስቸግረኝ ግን ሮም ላይ የምትጠብቀው ጊዜ ነበር። ቆጠርሁት። የሶፊያው አውሮፕላን በሮም ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ይነሳል። አሥር ሰዓት ላይ ከወንበሯ ተነስታ ወረቀቷን ለሠራተኞቹ ማሳየት አለባት። ሮም ደግሞ ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ አሥር ሲሆን እኛ ዘንድ አሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ በአገራችን ሰዓት ልክ አሥራ ሁለት ላይ ትነሳለች ማለት ነው።

ደስ አለኝ። አሥራ ሁለት ሰዓትን ማንበብ ለማትችል ሰው ማስተማር ቀላል ነው። የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ አሰርሁላት።

«እማ፣ ትልቁ ጣትና ትንሹ ጣት ተደራርበው ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ ሲቆሙ ትነሻለሽ። ከዚያ በፊት ግን ማንም ቢጠራሽ እንዳትነሺ።»

«ማን ይጠራኛል?»

«አይታወቅም። አንዷን አሮጊት ተሳስተው ሌላ አገር ወስደዋት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ባለ መለዮም ቢሆን፣ ሴትም ብትሆን፣ ጣቶቹ ካልቆሙ ‘ኖ’ ትያለሽ። ‘ኖ’ ማለት እምቢ ማለት ነው።»

በየማታው እንለማመድ ነበር። እሷ በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች፤ እኔ እንደ አየር ማረፊያ ሠራተኛ እየተንጎራደድሁ እመጣና በእንግሊዝኛ እለፈልፍባታለሁ። ክንዷን እይዛለሁ። እሷ ሰዓቷን ታያለች፣ ከዚያ «ኖ!» ትላለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን መሳቅ ተወች፤ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ «ኖ!» ስትል እኔንም ታስደነግጠኝ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ካስተማርኋቸው ሁሉ አንደኛ እሷ ነበረች።

ከላሊበላ አዲስ አበባ የሚወስደን ትንሽ አውሮፕላን ዓርብ ይመጣል ተባለ። ያኔ ማረፊያው ሜዳ ነው፤ አፈር። በጠዋት እናቴን በበቅሎ አስቀምጬ ወረድን። ሜዳው ላይ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ አለች፤ እዚያ ስም የሚመዘግቡና ሰውንም ዕቃንም የሚመዝኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሌላው ሁሉ ወታደር ነው።

አራት ሰዓት ገደማ የአውሮፕላን ድምፅ ሰማን። ቆላው በሙሉ በአቧራ ጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። ድምፁ ከላያችን ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ከዚያ እየራቀ ሄደ።

«ሄደች?» አለች እናቴ።

«ሜዳው አልታያትም» አሉ ሽማግሌው። «ነገ ምናልባት።»

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ምንም አልመጣም። እናቴ በሶዋን በጥብጣ ጠጣች፣ ዳዊቷን በቃሏ ደገመች፣ ሰዓቷን ደጋግማ አየች። እኔ የማስበው ሰኞን ነበር። የሰኞው ካመለጠ ቲኬቱ ይቃጠላል፣ ፈቃዱም ጊዜው ያልፋል። ደግሞ እስኪወጣ ስንት ወር!

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። አውሮፕላኗ መጥታ አረፈች። ወታደሮቹ ቁስለኛ አምጥተው ስለጫኑ ግን ቦታ ጠበበ። ሽማግሌው መዝገቡን ዘግተው ወደኛ መጡ።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው፣ የኔ ልጅ።»

«አባቴ፣ እሷ ብቻዋን አዲስ አበባን አታውቅም። ነገ ጠዋት ነው የምትበረው። ልጇ ታሞባት…»

ከኋላችን ለስብሰባ የሚሄድ አንድ የጤና ረዳት ቆሞ ነበር። ሻንጣውን ከሚዛኑ ላይ አነሳ። «የእኔ ስብሰባ ይቆየኛል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ብዬ አመንሁ። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው ባይነሳልን ኖሮ እላለሁ፤ ብቻ እናቴ ባትሄድም ይሻል ነበር ለማለት አልደፍርም። የቱ እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም።

አውሮፕላኗ ስትነሳ እናቴ ዓይኗን ጨፍና የቅዱስ ላሊበላን ስም ጠራች። ትንሽ ቆይታ በመስኮቱ ወደ ታች አየች።

«አንዱም አይታይም» አለች።

«ምኑ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ። ሁሉም መሬት ውስጥ ነው። ከላይ ሲያዩት ባዶ አገር ነው የሚመስል።»

ያን ቀን ጌትነት ቤት አደርን። በማግሥቱ ገና በጠዋት ሦስታችን አየር ማረፊያ ደረስን። እናቴ አዲስ ቀሚስና ነጠላ ለብሳለች፤ በሶና ቆሎ ይዛለች፤ አንድ እስር ጧፍም አለ። ፈታሹ ጧፉን አወጣና «ምንድን ነው ይኼ?» አላት።

«ጧፍ ነው፣ ልጄ። ለልጄ እየጸለይሁ የማበራው።»

ወጣት ነበር። ጧፉን በክብር መልሶ ከተተላት።

እኛ እንድንገባ አልተፈቀደም። ከመስተዋቱ በር ፊት ለፊት የመጨረሻውን ስንነጋገር፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ሰዓቶችን አየሁ። ከየአንዳንዳቸው ሥር የከተማ ስም ተጽፏል። ሮም የሚለው ከአዲስ አበባው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል።  «የእናቴ ሰዓት የአዲስ አበባን ነው የሚያሳየው! ሮም ስትደርስ ከዚያ አገር ሰዓት ጋር ሊለያይባት ነው» አልሁ በልቤ። ፈራሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ የቆጠርሁትን በዚያች ደቂቃ ረሳሁት። እጇን ያዝ አድርጌ የሰዓቱን ጣት ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ መለስሁት።

«ምነው ትነካኪዋለሽ?» አለች። «ለምጄው ነበር እኮ።»

«የሮምን እንዲያሳይሽ ነው እማ፤ ይኼ ይሻላል።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ይኼን ብላ ሳመችኝ። ጌትነትንም ሳመችው። በሩን አልፋ ስትሄድ ዞር ብላ አላየችኝም፤ ወረቀቶቿ ያሉበትን ከረጢት በእጇ ጫን አድርጋ ይዛ ከፊቷ ያለውን ሰው ትከተል ነበር። ቀኝ ተባለ፣ ቀኝ ሄደች። ከዚያ ጠፋችብኝ።

ከትምህርት ቤት የወሰድሁት ፈቃድ ገና ስላላለቀ ጌትነት ቤት ሆኜ ቴሌግራም መጠበቅ ጀመርሁ። ሰሎሞን እንደደረሰች ሊልክልን ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ። አጭር ነበር፦

«እናታችሁ አልወረደችም። የት ናት?»

ጌትነት አነበበው፣ ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ፣ ከዚያ ደግሞ ከእጄ ወስዶ አነበበው። የቲኬት ቢሮ ሄድን። «ሮም ደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ በእኛ እጅ አይደለም፤ እናጣራለን» አሉን። ረቡዕ ሄድን። «አልታወቀም፣ መልእክት ልከናል» አሉ። የሰው አገር ሰዎች ገፍተዋት ይሆን? ተርባ ይሆን? ወድቃ ይሆን? ጌትነት «አሮጊት ሴት ሜዳ ላይ አይጥሉም» እያለ ያጽናናኛል፤ እሱም አላመነውም። ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም። ሌሊቱን ሙሉ ወረቀቶቼን በልቤ እያነበብሁ የተሳሳትሁትን ቃል ፈለግሁ። የእንግሊዝኛ ስህተት ነበር የምፈልገው። አላገኘሁም። በእንግሊዝኛዬ አንድም ስህተት አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ሁለተኛው ቴሌግራም መጣ።

«እናታችሁ ሐሙስ ደርሳለች። ደኅና ናት። ይርጋ ረቡዕ ማታ ዐረፈ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

አስከሬኑን ማምጣት አልተቻለም። እዚያው ተቀበረ። እናቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የተመለሰችው። ለመመለሱ ሰሎሞን ሮም ድረስ የሚሄድ ተማሪ ፈልጎ አብሮ ላካት።

ከመስተዋቱ በር ስትወጣ አየኋት። አንገቷ ላይ ጥቁር ሻሽ አስራለች። እየጮህሁ ሄድሁባት፤ እሷ ግን ያዘችኝና «ዝም በይ፣ ዝም በይ፤ እዚያ አልቅሼለታለሁ» አለችኝ። ጌትነት ቤት ገብተን ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር እግሯን እያጠብሁላት ጠየቅኋት።

«እማ፣ ሮም ላይ ምን ሆነሽ ነው?»

 እንደ ንስሐ እየቆጠረች ነገረችኝ።

«እንዳልሽኝ ቁጭ አልሁ። ከወንበሬ አልተነሳሁም። ውኃ ሽንት እንኳ ይዞኝ አልተነሳሁም። ሰዓቴን አያለሁ። አንዲት ሰማያዊ የለበሰች ሴት መጣች። ስሜን ጠራች፤ ‘ማዘንጂያ’ አለች። ወረቀቴን አየችና ተነሽ አለችኝ በእጇ። ሰዓቴን አየሁ። ጣቶቹ አልቆሙም። ‘ኖ’ አልኋት።»

እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ።

«ሄደችና ወንድ ይዛ መጣች። እሱም አጎንብሶ ለመነኝ። ወደ በሩ ያሳየኛል። ‘ኖ’ አልሁት። ክንዴን ያዘኝ። አይ ልጄ፣ ጮኽሁ። ወንበሩን አቅፌ ጮኽሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፈሩኝ መሰል ተዉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ጣቶቹ ቀጥ ሲሉ ተነሳሁ። ወረቀቴን ይዤ ወደዚያ ሴት ሄድሁ። እሷ አልነበረችም። በሩም ተዘግቷል። ሌላ ሰው ወረቀቴን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ሰማይ አሳየኝ፤ ሄደች ማለቱ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ሦስት ሌሊት እዚያው አደርሁ። የሚጠርጉት ሴቶች ብርድ ልብስ አመጡልኝ፤ ዳቦ ሰጡኝ። ክፉ አልነበሩም። በአራተኛው ቀን ያችው ሰማያዊ የለበሰችው መጣችና እጄን ያዘች። ያን ጊዜ ሰዓቱን አላየሁም። ዝም ብዬ ተከተልኋት።»

እግሯን ከውኃው አወጣችና ራሷ አደረቀችው። «ሰዓቱን አላወቅሁትም ማለት ነው» አለች። «አንቺ እንደዚያ ደክመሽልኝ። ጣቶቹ ሳይቆሙ የቆሙ መስሎኝ፣ ቆመው ሳለ ያልቆሙ መስሎኝ… እንጃ። ዓይኔም ደክሟል።»

እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ያልሁት የሮምን ልዩነት ከጨመርሁ በኋላ ነበር። ሰዓቱን ሳልነካው ብተወው ኖሮ፣ ጣቶቹ የሚቆሙት ልክ በጊዜው ነበር። እኔ በመጨረሻዋ ደቂቃ ወደ ኋላ ስመልሰው፣ መነሳት ባለባት ጊዜ ሰዓቷ አሥር ይል ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አዘገየኋት። እሷ አንዲት ደቂቃ አልተሳሳተችም። ያስተማርኋትን ሁሉ፣ አንድ ነጥብ ሳትስት ፈጸመችው።

ልናገር አፌን ከፈትሁ። «እማ…» አልሁ።

«ተይው» አለችኝ፤ ያጽናናችኝ መስሏት። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።»

ተውሁት።

ከዚያ ከከረጢቷ ፖስታ አወጣች። «ሰሎሞን ‘አስካለ ታንብብልሽ’ ብሎ የሰጠኝ ነው። ምን ይላል?»

ከፈትሁት። ሦስት ገጽ ነው። የቀብሩን ነገር ጽፏል፤ የአገሩ ቄስ መጥቶ እንደጸለየለት፣ እናቴ ያመጣችውን ጧፍ መቃብሩ ላይ እንዳበራችው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት። ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦

«ይርጋ እስከ ረቡዕ ቀን ድረስ ይናገር ነበር። ሰኞ ማታ እናቴ ትመጣለች ብሎ ፂሜን ላጨኝ አለኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ‘መጣች?’ ይለኝ ነበር። ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕ ከቀትር በኋላ መጠየቁን ተወ።»

ዓይኔ እዚያ መስመር ላይ ቆመ። እናቴ ፊቴን ታያለች።

«ምን አለ?»

«በሰላም ነው ያረፈው ይላል። እንቅልፍ ላይ ስለነበረ ምንም አላወቀም ይላል።»

«ከሰኞ ጀምሮ?»

«ከሰኞ ጀምሮ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንግዲያው አልጠበቀኝም» አለች። «እሰይ። ተመስገን።»

ወደ ላሊበላ ተመልሰን ኖርን። ደብዳቤውን አቃጠልሁት። ማስተማሬን አልተውሁም፤ ግን ያቺ በደፋር አፏ የማታውቀውን «እንዲህ ማለት ነው» የምትለው ልጅ ከዚያ በኋላ አልነበረችም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀላል ነገር ጽፌ እንኳ ወደ ኋላ ሸሽቼ ሦስት ጊዜ አነብበዋለሁ። ተማሪዎቼ «መምህርት ትጠራጠራለች» እያሉ ያሙኝ ነበር። ትዳርም መጣልኝ፤ አልሆነም። ከሰው ጋር ስኖር አንድ ቀን ይኼን ነገር እናገረዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

ለእናቴ ልነግራት ያልሞከርሁ እንዳይመስላችሁ። በየዓመቱ በይርጋ ተዝካር ቀን ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ቀኑ ይመሻል። መጀመሪያ ሐዘኗ ይብረድላት አልሁ፤ ቀጥሎ አሁንማ በረደላት፣ ለምን እቀሰቅስባታለሁ አልሁ። ውሸቴን ነው። የፈራሁት ፊቷን ነው። እሷ እስከዚያ ድረስ ስለ እኔ ለጎረቤት ስትናገር «ልጄ ሁሉን ታውቃለች» ነበር የምትለው።

ዛሬ ላሊበላ ተለውጧል። ልጆቻቸው ውጭ ያሉባቸው እናቶች ቲኬት እየመጣላቸው ይሄዳሉ፤ ቤተሰቦቻቸውም ወረቀት ጻፊልን ብለው ይመጡብኛል፤ እጽፍላቸዋለሁ። እናንተም እንዲህ ያለ ሰው የምትሸኙ ካላችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። እናታችሁን «ማንንም እንዳታምኚ» ብላችሁ አትላኳት። መንገድ ላይ ስሟን የሚጠራትን ሰው ትመን። እናንተ ከሩቅ የቆጠራችሁት ሊሳሳት ይችላል፤ እዚያ አጠገቧ የቆመው ሰው ነው መንገዱን የሚያውቀው። ምክሬ ይኸው ነው። እኔን ግን አልጠቀመኝም፤ ይርጋንም አይመልስም።

እናቴ የሞተችው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ተኝታ፣ ቆርባ፣ ጎረቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ እያስጠራች ይቅርታ ጠየቀች፤ የአገራችን ወግ ነው። የመጨረሻ እኔን ጠራችኝ። ሌላው ሰው ሁሉ እንዲወጣ አደረገች። እጇ አጥንት ብቻ ሆኖ ነበር፤ በዚያ እጇ ያዘችኝ።

«አስካልዬ፣ አንድ ነገር ይቅር በይኝ።»

«ምን አድርገሽኝ፣ እማ?»

«ያን ሁሉ ጊዜ ደክመሽ አስተምረሽኝ፣ እኔ ደንቁሬ ወንድምሽን ሳላይልሽ ቀረሁ። እኔ ብደርስ እኮ ምናልባት አንድ ቃል ይነግረኝ ነበር፤ ይዤልሽ እመጣ ነበር። ላነሳብሽ አልፈለግሁም እንጂ አንድ ቀን ከልቤ አልወጣም። ይቅር በይኝ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቀን እንደሌለ አውቃለሁ። በጓዳው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። አፌን ከፈትሁ፤ ዓይኗን አየሁት። እየጠበቀች ነበር።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ እማ» አልኋት።

አመሰገነችኝ።